ከቁም ሣጥን አናት ላይ የወረደው ጊታር፦ አሮጌና የተጎዳ ቦክስ ጊታር ማንነቱንና ዋጋውን ማወቂያ መንገድ

የአጎቴ ጊታር ቁም ሣጥን አናት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጧል። ያወረድነው ቤቱ ሲታደስ ነው። የቀሩት ክሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ፊቱ ላይ ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት እንጨት) እስከ ታችኛው ጠርዝ የሚደርስ ስንጥቅ አለ። ራሱ ላይ፣ መቃኛዎቹ ባሉበት ጫፍ፣ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል። ቤተሰቡ ወዲያው ክርክር ጀመረ። አንዱ «ጣሉት» አለ። ሌላው «የጃንሆይ ዘመን ዕቃ ነው፣ በዶላር ይሸጣል» አለ። ሦስተኛው ሰፈር ውስጥ ላለ አናጢ ወስዶ ሊያስቀባው ተነሣ።

እኔ የፈራሁት ሦስተኛውን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወዳጄ እንዲሁ በደግ ልብ ጊታሩን አሳድሶ ነበር። የቤት ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ወፍራም ቫርኒሽ ቀባው። ውስጡ የነበረውን ወረቀትም «ቆሻሻ ነው» ብሎ ላጠው። ጊታሩ ማን እንደሠራው ዛሬም አልታወቀም። ያቺ ወረቀት ነበረች የምትናገረው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጊታር እጃችሁ ከገባ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

አትወልውሉ፣ አትቀቡ፣ ኮላ አታድርጉ። አዲስ ክር አስገብታችሁም «እስኪ ድምፁን እንስማ» አትበሉ። የስድስት የሽቦ ክር ጠቅላላ ጉተታ ከ70 ኪሎ ይበልጣል። ብሪጁ ትንሽ የለቀቀ ጊታር ይህን ሲሸከም ፊቱን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ክር ካለበት ቀስ እያላችሁ አላሉት።

ፀሐይ ላይም አታስጡት። ሻጋታ ሲሸት የሚመጣው ሐሳብ ይሄ ነው፤ ግን አሮጌ ኮላ በሙቀት ይለቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለጥቂት ቀን ይቀመጥ።

የወደቀ ነገር ካለ፣ የክር መያዣ ችንካርም ሆነ የተሰነጠረ እንጨት፣ ፖስታ ውስጥ አኑሩት። የመቃኛው ቁልፍ ቢሰበርም አትጣሉት። የዘመኑ ዕቃ ከጊታሩ ጋር ሲገኝ ዋጋ ይጨምራል፤ ለጠጋኙም ሥራ ያቀልላል።

2. ስልካችሁን፣ ትንሽ መስታወትና ማስመሪያ አዘጋጁ

ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም። በስልካችሁ ባትሪ እያበራችሁ ፎቶ አንሡ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ራሱን ከፊትና ከኋላ፣ አንገቱ ከሳጥኑ የሚጋጠምበትን ቦታ፣ ብሪጁን በቅርብ። ክሮቹ ሲላሉ ትንሹን መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገቡና የፊቱን የውስጥ ክፍል እዩ። ብዙ ሰው የማያየው እዚያ ነው።

3. የናይሎን ነው ወይስ የሽቦ?

ይህን ሳትለዩ ወደ ፊት አትሂዱ። ክሩ ብሪጁ ላይ በቋጠሮ የሚታሰር ከሆነ፣ አንገቱም ሰፊ ከሆነ (ራሱ አጠገብ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ክላሲካል ነው፤ የሚፈልገው የናይሎን ክር ነው። ክሩ በችንካር የሚያዝ ከሆነና አንገቱ 43 ወይም 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የሽቦ ክር ጊታር ነው። ራሱ ላይ ያሉት ረጃጅም ክፍተቶች ብቻቸውን አያሳምኑ፤ የድሮ የሽቦ ጊታሮችም አንዳንዶቹ እንደዚያ ናቸው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ለናይሎን በተሠራ ጊታር ላይ የሽቦ ክር ማሰር የብዙ ጊታር በሽታ ስለሆነ ነው። ጉተታው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከብሪጁ በታች ሆዱ ያበጠ፣ አንገቱ የጎበጠ ክላሲካል ጊታር ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

4. ውስጡን አንብቡ

ራሱ ላይ ያለ ስም ሊጠፋ ይችላል፤ በሐሰትም ሊጻፍ ይችላል። ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል። ሦስት ቦታ ፈልጉ። አንደኛው በቀዳዳው ትይዩ ጀርባው ላይ ያለ ወረቀት ወይም ማኅተም ነው። ሁለተኛው አንገቱ ከውስጥ የተተከለበት የእንጨት ኩብ ነው። ሦስተኛው የራሱ ጀርባ ነው። የደበዘዘ ማኅተም ከሆነ ባትሪውን ከጎን አስጠግታችሁ አብሩ፤ ፊደሎቹ ጥላ ጥለው ይነሣሉ።

የአጎቴን ጊታር ያወቅነው እንዲህ ነው። ጀርባው ላይ ረጅም ቁጥር ነበር፤ መሐሉ ላይ የላቲን «ኤች» ፊደል፣ ከዚያ 165። ራቅ ብሎ ደግሞ «ኤፍ-65» የምትል ትንሽ ማኅተም። ይህ የቺካጎው ሃርመኒ ፋብሪካ አጻጻፍ ነው። ከ«ኤች» በኋላ ያለው የሞዴሉ ቁጥር ነው። በትንሿ ማኅተም ፊደሏ የዓመቱን ክፍል፣ ቁጥሩ ዓመቱን ይናገራል። ስለዚህ ጊታሩ በ1965 የተሠራ፣ ሁለመናው ማሆጋኒ የሆነ ሃርመኒ ነው። ቤተሰቡ ሲያወራ የኖረው ታሪክም ከዚህ ጋር ገጠመ። ጊታሩን ለአጎቴ የተወለት የፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት) መምህር ነው ይባል ነበር፤ ፒስ ኮር ደግሞ ኢትዮጵያ የገባው በ1962 ነው። የቤተሰብ ታሪክ ጥሩ ፍንጭ ነው። ማኅተሙ ሲደግፈው ግን ልብ ያርፋል።

ሃርመኒ እስከ 1975 ድረስ እጅግ ብዙ ጊታር አምርቷል። ሲልቨርቶን የሚል ስም ካያችሁም አትደናገሩ። ሲልቨርቶን ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ መደብር የንግድ ስም እንጂ ፋብሪካ አይደለም፤ ሃርመኒና ኬይን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ያመርቱለት ነበር።

ያማሃ ከሆነ ወረቀቱን እዩ። ኤፍ ጂ የሚባለው ተከታታይ በ1966 ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ወረቀታቸው ቀይ ነው። «ኒፖን ጋኪ» የሚል ስም ካለበት ከ1987 በፊት የተሠራ ነው፤ ኩባንያው ያማሃ የሚለውን ስም በይፋ የያዘው በዚያ ዓመት ነውና። ከቀይ ወረቀቶቹ ብዙዎቹ አንገቱ በተተከለበት ኩብ ላይ 44.10.15 ዓይነት ቀን አላቸው። ይህን አይቶ «የ1944 ጊታር» ብሎ የሚሸጥ ሰው አለ። አይደለም። 44 በጃፓን የሾዋ ዘመን አቆጣጠር ነው። እኛ ሰባት ወይም ስምንት እንደምንደምረው፣ እዚህ 1925 ትደምራላችሁ፤ 1969 ይመጣል።

ማርቲን ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የፔንሲልቬኒያው ማርቲን ከ1898 ጀምሮ፣ ከ8000 ተነሥቶ፣ ተከታታይ ቁጥር ሲመታ ኖሯል። በ1930 መጨረሻ 45317፣ በ1940 መጨረሻ 76734፣ በ1950 መጨረሻ 117961፣ በ1960 መጨረሻ 175689፣ በ1970 መጨረሻ 271633 ደርሷል። ኩቡ ላይ 100000 አካባቢ ካያችሁ የ1940ዎቹ ነው ማለት ነው። ከ1930 መገባደጃ ወዲህ የሞዴሉ ስምም እዚያው ይመታል። ቁጥሩና ሞዴሉ ከእንጨቱ ጋር ካልተስማሙ ወይም ቁጥሩ በስስ ወረቀት ላይ የታተመ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ጊብሰን ግን ያስቸግራል። በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር ለተለያዩ ጊታሮች ደጋግሞ ስለመታ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከ1977 ወዲህ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር መጣ፤ አንደኛውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱን፣ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉት ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። 71808123 ቢሆን በ1978 በ180ኛው ቀን፣ ማለትም ሰኔ መገባደጃ ላይ የተመታ ነው። ከዚያ በፊት ላሉት የራሱን ቅርጽ፣ የአርማውን አጻጻፍና የመቃኛውን ዓይነት አንድ ላይ ማመሳከር ያስፈልጋል።

አገራችን ውስጥ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡም ይገኛሉ። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ ወገኖቻችን ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። በሩስያ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ካለው የፋብሪካው ከተማና ብዙ ጊዜም በሩብል የተቆረጠ ዋጋ ታገኙበታላችሁ። ሰባት መቃኛ ካለው ጉድለት አይደለም፤ የሩስያ ባለ ሰባት ክር ጊታር ነው። «ሙዚማ» ከሆነ የምሥራቅ ጀርመኗ ማርክኖይኪርሸን ሥራ ነው። የምዕራብ ጀርመኑ ፍራሙስ ደግሞ በሁለት ረድፍ ቁጥር ይመታል፤ የሁለተኛው ረድፍ ሁለት ቁጥሮች ዓመቱን፣ ተከታይዋ ፊደል ወሩን ታሳያለች።

ምንም ስም ካልተገኘ የአገሩን ስም አጻጻፍ እዩ። «ምዕራብ ጀርመን» ካለ ከ1949 እስከ 1990፣ «ቼኮዝሎቫኪያ» ካለ ከ1993 በፊት ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል እስከ 1952 ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። የአሜሪካ አድራሻ ላይ ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ካለ ወረቀቱ ከ1963 ወዲህ የታተመ ነው። ይህቺን የዚፕ ኮዷን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ። በአንዲት ትንሽ ወረቀት ጥርን ከነሐሴ የመለየት ያህል ታስተማምናለች።

5. እንጨቱ ሙሉ ነው ወይስ ኮምፔርሳቶ?

የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በብርሃን እዩ። የእንጨቱ መስመሮች ከፊት ተነሥተው ጠርዙን አቋርጠው ወደ ታች ከቀጠሉ ሙሉ እንጨት ነው። እንደ ሳንድዊች የተደረቡ ንብርብሮች ካያችሁ ኮምፔርሳቶ ነው። ለጀርባው ደግሞ አንድ ጎልቶ የሚታይ የእንጨት መስመር ከውጭ ምረጡና ከውስጥ እዚያው ቦታ ፈልጉት፤ ካገኛችሁት ሙሉ ነው።

ሙሉ እንጨት ይሰነጠቃል፤ ኮምፔርሳቶ ብዙም አይሰነጠቅም። ስለዚህ ስንጥቅ ያየ ሰው ሁሉ «ተራ ጊታር» ቢል አትስሙት። አንዳንዴ ስንጥቁ ራሱ የጥሩ እንጨት ምልክት ነው። ስንጥቅ የሚመጣው በአብዛኛው ከድርቀት ነው። የእኛ በጋ ያደርቃል፤ የሚኒሶታ የክረምት ማሞቂያና የገልፍ አገሮች ኤሲም እንዲሁ። ለጊታር የሚስማማው እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው።

6. ጉዳቱን በየዓይነቱ ለዩ

ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም። አስፈሪ የሚመስለው በቀላሉ ይጠገናል፤ ምንም የማይመስለው ኪስ ያራቁታል።

ቀጥ ያለ የፊት ስንጥቅ፣ እንጨቱ ካልጎደለ፣ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ሥራ ነው። ከውስጥ ትንንሽ ድጋፍ ተለጥፎለት ዕድሜ ልክ ይቆያል። ብሪጁ የተነሣ ከሆነ ስስ ወረቀት ከሥሩ አስገቡ፤ ከገባ ኮላው ለቋል። ይህም ይጠገናል። የውስጥ ርብራቡ መልቀቁን ለማወቅ ፊቱንና ጀርባውን በጣት ጫፍ በየቦታው ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። አንድ ቦታ ላይ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ እዚያ የለቀቀ እንጨት አለ።

ልብ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ አንገቱን ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች) ላይ አጋድሙና ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን የላይኛ ገጽ መንካት ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከብሪጁ ፊት ተጋጭቶ ዝቅ ካለ አንገቱ ባለፉት ዓመታት ወደ ፊት አጋድሏል። የሽቦ ክር ካለውና በ12ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ያው ምልክት ነው። መድኃኒቱ አንገቱን በእንፋሎት አላቆ፣ ማዕዘኑን አስተካክሎ እንደገና መትከል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ጊታሩ ውድ ካልሆነ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ሻጭ «ትንሽ ክሩ ከፍ ይላል እንጂ ምንም አይልም» ሲላችሁ ማስመሪያችሁን አውጡ።

ራሱ ተሰብሮ የተጠገነ ከሆነም አንብቡት። ከመቃኛዎቹ በታች፣ አንገቱ በሚቀጥንበት ቦታ፣ የፀጉር ያህል መስመር ወይም የቀለም ልዩነት ፈልጉ። ጥሩ ጥገና ጠንካራ ነው፤ ሳትሰቀቁ ትጫወቱበታላችሁ። በገበያው ግን በተለምዶ የዋጋውን ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንደገና መቀባትም ያንኑ ያህል ይጎዳል። የወዳጄ ጊታር የደረሰበት ይሄ ነው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የፋብሪካውን ቀለም ነው፤ ከነጭረቱ፣ ከነመሰነጣጠቁ። ከዚያም በላይ፣ የፊቱ እንጨት ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፣ ድምፁም ይለወጣል።

በሱፐር ግሉ ወይም በኤፖክሲ የተለጠፈ አሮጌ ጥገና ካያችሁ ከባድ ጉዳት ውስጥ መዝግቡት። የድሮው ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ እነዚህ ግን እንጨቱን ይዘው ነው የሚነሡት።

7. አሁን ዋጋው

ጊታሩን ካወቃችሁና ጉዳቱን ከጻፋችሁ በኋላ ሬቨርብና ኢቤይ በሚባሉት የመሸጫ ድረ ገጾች ላይ ያንኑ ሞዴል ፈልጉ። የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ ሁለቱም ቦታ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ሰው የፈለገውን ይጠይቃል፤ ለሁለት ዓመት ሳይሸጥ የተቀመጠ ማስታወቂያ ዋጋ አይባልም። ቢያንስ አምስት ሽያጭ ሰብስቡ፣ በጣም የተጋነነውንና በጣም የወረደውን አውጡ።

ከዚያ ስሌቱ እንዲህ ነው። እንበል፣ ደህናው በ450 ዶላር ይሸጣል። ጥገናው 200 ዶላር ይፈጃል። 250 ቀረ። ገዢው ግን ላልታየ ጉዳትና ለድካሙ የሚተርፈው ይፈልጋል። ስለዚህ እንዳለ ሲሸጥ 150 ወይም 180 ዶላር ቢያወጣ ተገቢ ነው። የጥገናው ወጪ ከደህናው ዋጋ በላይ ከሆነ በመለዋወጫነት ብቻ ይታሰባል፤ የዘመኑ መቃኛዎች ለብቻቸው ገዢ አላቸው።

ይህ ስሌት የማይሠራበት ጊዜ አለ። ማርቲን ከ1933 እስከ 1942 የሠራቸው ዲ-45 ጊታሮች 91 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ለሁለት ቢሰነጠቅ እንኳ ሰው ተሻምቶ ይገዛዋል። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ማርቲንና ጊብሰን ከተገኙ አንድ ብሎን እንኳ በካቻቢቴ ሳትነኩ ለአሮጌ ጊታር አዋቂ አሳዩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስትሸጡ ደግሞ ሌላ ነገር አስቡ። እዚህ ገዢው በአብዛኛው ተጫዋች ነው። የሚጠይቀው «ይቃኛል ወይ? ክሩ ቅርብ ነው ወይ?» ብሎ ነው። የ1965 ሃርመኒ መሆኑ ብዙም አያስጨንቀው ይሆናል። ለእሱ ተጠግኖ የሚጫወት ጊታር ይሻላል። ለሰብሳቢ ግን ያልተነካው። ማን ሊገዛው እንደሚችል ሳትወስኑ ጥገና አታስጀምሩ።

ውጭ አገር ልካችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ወይም ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከያርድ ሴል ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምታመጡ ከሆነ ጀርባውና ጎኑ የብራዚል ሮዝዉድ እንዳይሆን አረጋግጡ። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ማርቲን እስከ 1969 ድረስ ብዙ ሞዴሎቹን በእሱ ይሠራ ነበር።

8. ልሽጠው ወይስ ልጠግነው?

የአጎቴ ሃርመኒ ደህና ቢሆን ጥቂት መቶ ዶላር ነው የሚያወጣው። አንገቱን በማስመሪያ ስንለካው ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ግን ሸክላው ገና ከፍታ ስላለው እሱን ዝቅ በማድረግ ማስተካከል ይቻላል። ሸክላ ያልኩት ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባትን ነጭ ቀጭን ቁራጭ ነው፤ የእኛ ሰፈር ልጆች እንደዚያ ይሏታል። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው፤ እንጨት አልጎደለም። ብሪጁ በግማሽ ለቋል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ መሸጡ ቀረ፣ መጣሉም ቀረ። ጊታር መጠገን ለሚያውቅ እጅ ሰጠነው፤ ቀለሙን እንዳይነካ፣ ውስጡ ያሉትን ማኅተሞች እንዳይፍቅ አደራ አልን። ለስላሳ፣ ቀላል ክር ገባለት።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርን፤ እናንተም አድርጉት። ያገኘነውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፦ ፋብሪካውን፣ ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ ማን እንደሰጠው፣ ምን እንደተጠገነና መቼ እንደተጠገነ። ወረቀቱን ጊታሩ ላይ አልለጠፍነውም። ከወደቀችው አሮጌ ችንካር ጋር በፖስታ አድርገን ማኅደሩ ኪስ ውስጥ አስቀመጥነው።